ድሬዳዋ፦ ባቡር የወለዳት፣ ባቡሩ ሲቆም ያልቆመች ከተማ

ሞያሌ የኖረ ሰው የድንበር ከተማ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገውም። ስሙ አንድ፣ ሀገሩ ሁለት። ጠዋት በብር የተገዛ ዕቃ ከሰዓት በሽልንግ ይሸጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ይሰማሉ። ታዲያ እዚህ ሆኖ ስለ ሌላ ከተማ ማውራት ምን ይጠቅማል? የሚል አንባቢ ይኖራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካኩማ፣ በካሎቤየይና በዳዳብ ካምፕ ውስጥ የተወለዱ ልጆች አሉን። የሀገራቸውን ከተሞች የሚያውቁት በስልክ ስክሪን ነው፤ እዚያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ጠብና ስድብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ከተማ ከመነሻዋ ጀምረን እንጽፋለን። ከተማዋ ድሬዳዋ ናት። እሷን የመረጥነው ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል የተወለደችበት ጊዜና ምክንያት በግልጽ ከሚታወቁት አንዷ ስለሆነች ነው። የወለዳት ባቡር ነው፤ ያሳደጋት ፋብሪካና ንግድ ነው፤ የሞሏት ደግሞ ከየትም የመጡ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ካልን ደግሞ በፈረንጅ ነው።

የት ናት? ስሟስ?

ድሬዳዋ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ከሐረርጌ ደጋ ተራሮች ግርጌ ትገኛለች። ከሐረር በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ ደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ነው ሐረር የሚያደርሰው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐረር ላይ ሹራብ ያስፈልጋል፣ ድሬ ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፍለጋ ነው። ከተማዋ የተወለደችውም በዚሁ የከፍታ ልዩነት ምክንያት መሆኑን ወደ ታች እናያለን።

ስለ ስሟ ብዙ ይባላል። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም። «ዳዋ» ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። አንዳንዱ መድኃኒት ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አያይዞ «የመድኃኒት ሜዳ» ይላል። የሶማሌ ሽማግሌዎች ደግሞ ከድር ጎሳ ጋር አያይዘው «ድር ጦሩን የተከለበት» ብለው ይተርካሉ። ስሙ ላይ እንኳ ሁሉም የራሱን ድርሻ ይዟል። ድሬን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም።

ሰው በዚህ አካባቢ የኖረው ከባቡሩ በፊት ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ ነው። ከከተማዋ አቅራቢያ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በውስጡ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎችና ወደ 40 ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው፣ ለቀለም የሚፈጩት ቀይ አፈር ተገኝቷል። ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታም የድንጋይ ላይ ሥዕሎች አሉ። ሜዳው ራሱ ደግሞ ከተማ ከመሆኑ በፊት የኢሳ ሶማሌና የኖሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት ነበር። ይህን መዝለል ተገቢ አይደለም። ከተማዋ አዲስ ብትሆንም መሬቱ ባዶ አልነበረም።

ባቡሩ ሐረር መውጣት ሲያቅተው

አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱን ያገኘው አማካሪያቸው የነበረው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ ሊዮን ሼፍኖ የተባለ ፈረንሳዊም አብሮት ነበር። ዕቅዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ሐረር፣ ከዚያም ወደ መሀል ሀገር መዝለቅ ነበር። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ።

ሐረር በዚያን ጊዜ ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ገዢዋም ራስ መኮንን ነበሩ። ባቡሩ ሐረር ይገባል ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። ግን ከሜዳው ወደ ሐረር ያለው ተራራ ሲለካ ሥራውም ወጪውም የማይቻል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሜዳው ላይ ደረሰ። አፄ ምኒልክ ጣቢያው ያለበትን ቦታ «አዲስ ሐረር» ብለው ሰየሙት። ስሙ ግን አልያዘም። ሕዝቡ ድሬዳዋ አለ፣ ድሬዳዋ ሆኖ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ከተማዋን ከተማ ያደረጋት። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል የነበረው ሽኩቻም ተጨመረበት፤ ምኒልክም ሐዲዱ የውጭ መንግሥት መሣሪያ እንዳይሆን ሰጉ። ሥራው ቆመ። ለበርካታ ዓመታት ድሬዳዋ የመጨረሻዋ ጣቢያ ሆነች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፤ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ይጫናል። የሐረርጌ ቡና፣ ቆዳና ሰም ደግሞ ከደጋ ወርዶ ባቡር ላይ ይወጣል። ጫኝና አውራጅ መጣ፣ ነጋዴ መጣ፣ ቤት አከራይ መጣ፣ ምግብ የምትሸጥ ሴት መጣች። እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ሲቀጥልና በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋ የመንገድ ዳር ሠፈር መሆኗ ቀርቶ ነበር። ከወደቡ እስከ ዋና ከተማው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው መስመር ላይ ዋናው የጥገና ጋራዥ የተተከለው እሷ ጋ ነው።

ከዚራና መጋላ

ከተማዋን ደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

በአንደኛው በኩል ከዚራ አለ። ከዚራ በፈረንሳይ መሐንዲሶች ፕላን የተሠራ ሰፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። የባቡር ጣቢያው፣ የኩባንያው ቢሮዎችና የሠራተኞች ቤት እዚህ ነበሩ። በሌላው በኩል መጋላ አለ፤ ያ ደግሞ ሰው እንደመጣ እየተጠጋጋ የሠራው ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ገበያው ሰፊ። ቀፊራ የሚባለው የድሮ ገበያ በዐረብ ቤት አሠራር የተሠራ ቅስት በር አለው፤ ከገጠር የሚወርዱ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች እዚያ ይሸጣሉ። ገንደ ቆሬ፣ ለገሀሬ፣ ግሪክ ካምፕ፣ አዲስ ከተማ፣ ሳቢያን እያልን ብንቆጥር እያንዳንዱ ስም ማን መጥቶ እንደሠፈረ ይናገራል። ግሪክ ካምፕ መባሉ በከንቱ አይደለም። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሕንዶች፣ የመናውያን፣ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ድሬዳዋ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ወልደው፣ ሞተው ተቀብረዋል። ከሀገር ውስጥም አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ አርጎባው መጥቷል።

አፈጣጠሩን ካየን ከዚራ የአለቃ ሰፈር፣ መጋላ የሠራተኛና የነጋዴ ሰፈር ነበር። ይሁን እንጂ መሀላቸው ግንብ አልነበረም። ጠዋት የመጋላው ሰው ከዚራ ሊሠራ ይሻገራል፤ ማታ የከዚራው ሰው መጋላ ሊበላና ሊገዛ ይመጣል።

የፋብሪካ ከተማ

ባቡር ያለበት ቦታ ፋብሪካ ይከተላል። ማሽኑ በባቡር ይመጣል፣ ምርቱም በባቡር ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እሱ ነው። የኖራ ድንጋዩ በአካባቢው ስላለ ቦታው ተመችቷል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም የዚያው ዘመን ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «ኮቶኒየር» ስለነበር ሕዝቡ አሳጥሮ «ኮቶኒ» አለው። ለብዙ ቤተሰብ አባት ባቡር፣ እናት ኮቶኒ መሥራት የተለመደ ነበር። በፉጨት ይገባል፣ በፉጨት ይወጣል።

ሠራተኛ በተሰበሰበበት መብት መጠየቅም አይቀርም። የባቡር ሠራተኞች ማኅበር በኢትዮጵያ ከቀደምቶቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ ነው፤ የተቋቋመው ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ውስጥ ነው። በሀገሪቱ ሠራተኛን የሚመለከት በቂ ሕግ ባልነበረበት ጊዜ ነው እንግዲህ።

ኮቶኒ ጨርቅ ብቻ አልሠራም፣ ኳስም ተጫውቷል። የፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ያውም ከአንድ ጊዜ በላይ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትበላ አምበል የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ለዚሁ ቡድን የተጫወተ ነው። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በሁለት ከተማ ነበር፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ። ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ተጫውተዋል። ሞሮኮ ያንን ዋንጫ ወሰደች፤ ጉዞዋን የጀመረችው ድሬ ላይ ነው ማለት ነው።

ስደትና ጦርነት ያለፈባት ከተማ

ስደተኛ ለሆነ አንባቢ ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ከቤተሰባቸው ጋር ባቡር ተሳፍረው ወጡ። በዚሁ ሐዲድ፣ በዚችው ድሬዳዋ በኩል አልፈው ጅቡቲ ደረሱ፤ ከዚያ በእንግሊዝ መርከብ ተሰደዱ። ንጉሠ ነገሥት እንኳ ሻንጣ ይዞ የተሰደደበት መስመር ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ከደቡብ የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የወረደው የጣሊያን ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። አምስት ዓመት ቆይቶ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ነጻ አወጣ።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፤ ከከባድ ውጊያ በኋላ ተመለሰ። በዚያ ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ፣ ድልድዮች ፈረሱ። ከተማዋ ግን አልተያዘችም።

ከጠመንጃ ሌላ ውሃም ጎድቷታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሰው በተኛበት ሌሊት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ሞላው። ያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የነበረው ወንዝ በዳርቻው ያሉትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ደረቅ ወንዝ ዳር ቤት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ካኩማ ያለ ሰው አይነገረውም፤ የታራች ወንዝ ሲመጣ ያየ ያውቀዋል።

የድሬ ወግ

ድሬዳዋን «የበረሃዋ ንግሥት» ይሏታል። ሰዓቷ ከሌላ ከተማ ይለያል። ሥራ በማለዳ ይጀመራል፤ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል። ጫቱ ከአወዳይ ይመጣል፣ በርጫ ይዘረጋል፣ ወሬው ይደምቃል። ከምርቃና በኋላ ደግሞ ከተማው ሁለተኛ ቀን እንደጀመረ ያህል ይነሳል። ማታ መንገዱ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ፣ ልጆችን በዛፍ ጥላ ሥር ማጫወት፣ በባጃጅ መዞር የድሬ ሰው ኑሮ ነው። የባጃጁ ብዛት ራሱ ሌላ ወሬ ነው።

ምግቡ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ስም ይጠራል። ጠዋት ፉል፣ ማታ ሳምቡሳና ሙሽበክ፣ ለሠርግ ሀልዋ፣ ከየመኖች የተወረሰ ቅመም የበዛበት ሩዝ፣ ከሶማሌው የግመል ወተት፣ ከሐረሪውና ከኦሮሞው ደግሞ በወተት የሚፈላው ሆጃ። ክርስቲያኑ በጾሙ ወቅት ጎረቤቱ በረመዳን አፍጥር ላይ ከሠራው ሳምቡሳ ውስጥ የምስሩን ለይቶ ይላክለታል።

ቋንቋውስ? የድሬ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በሶማልኛ ይጨርሰዋል፤ መሀል ላይ «አቦ» ካላለ የድሬ ልጅ አይደለም። የባቡሩ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የድሮ ሠራተኞች ፈረንሳይኛን እንደ ሙያ ይዘውት ነበር። ዛሬ በመላው ኢትዮጵያ የምንላቸው «ለገሀር» እና «ፉርጎ» ከዚሁ የባቡር ፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። «ሐዲድ» ደግሞ ከዐረብኛ ነው፣ ብረት ማለት። በአንድ ባቡር ላይ ይህ ሁሉ ቋንቋ ተሳፍሯል።

ሙዚቃውም እንደዚያው። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ የሚባል የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተነሳ። እዚያው የተወለደው ዓሊ ቢራ ገና በልጅነቱ ቡድኑን ተቀላቀለ፤ «ቢራ» የሚለው ስም የወጣለት ከመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ዓሊ በኦሮምኛ ታላቅ ይሁን እንጂ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛም አዜሟል። ይህ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም፣ የሰፈሩ ነገር ነው። ዓሊ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ያዘነው አንድ ብሔር ብቻ አልነበረም።

ሃይማኖቱን ካነሳን፣ አብዛኛው የከተማው ሰው ሙስሊም ነው፤ ኦርቶዶክሱም ቁጥሩ ብዙ ነው። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከሀገሪቱ ዳርቻ ሁሉ የሚመጣ ሰው በድሬዳዋ አልፎ ቁልቢ ገብርኤል ይወጣል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። በዚያ ሰሞን ውሃ የሚያቀርበው፣ ማደሪያ የሚሰጠው፣ ስለት የሚያስገባው ሰው ሁሉ ክርስቲያን ነው ብሎ የሚያስብ ድሬን አያውቃትም።

ባቡሩ ቆመ፤ ሰውስ?

የድሮው ባቡር እያረጀ መጣ። ፉርጎው ተሰበረ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ የጭነት መኪናው መንገድ አስፋልት ሆነ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቆመ፤ የጅቡቲውም እየተንጠባጠበ ቆየና እሱም ዝም አለ። በጋራዡ ውስጥ የነበሩ ሎኮሞቲቮች እንደ ሙት ከብት ተጋድመው ቀሩ። ዕድሜውን ሙሉ ለባቡር የሠራ ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት አጣ።

ከተማን የፈጠረው ነገር ሲቆም ከተማዋ ምን ትሆናለች? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በጀርመን ሩር በሚባለው አካባቢ ቦትሮፕ የምትባል ከተማ አለች። የኖረችው በድንጋይ ከሰል ነው። በመጀመሪያ ከፖላንድ በኩል፣ በኋላም ከቱርክ ሠራተኛ እየመጣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የመጨረሻው የጀርመን የጠጣር ከሰል ጉድጓድ፣ ፕሮስፐር-ሃኒየል፣ እዚያው ቦትሮፕ ላይ ተዘጋ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የመጨረሻዋን የከሰል ድንጋይ አውጥተው ለሀገሪቱ ፕሬዚዳንት አስረከቡ። ቦትሮፕ ግን አልፈረሰችም። የቆፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ናቸው፤ በአጎራባቿ በኤሰን ከተማ አንድ ትልቅ የተዘጋ የከሰል ማውጫ የዓለም ቅርስ ሆኖ ይጎበኛል። ልዩነቱ የጀርመን መንግሥት መዝጊያውን አስቀድሞ በሕግ ማቀዱና ሠራተኛውን በጡረታና በሌላ ሥራ መደገፉ ነው። ድሬ ላይ ብዙው ሰው ራሱን በራሱ ነው ያሻገረው።

እንዴት ካላችሁ፣ በንግድ። «ታይዋን» የሚባለው ገበያ ስሙ እንደሚነግራችሁ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የቆመ ነው፤ ልብስ፣ ሽቶ፣ ኤሌክትሮኒክስ። ከፊሉ በጉምሩክ፣ ከፊሉ በጓሮ በር። ሞያሌን የሚያውቅ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። በተለይ ሴቶች ከድሮም በባቡሩ እየተመላለሱ ዕቃ በማምጣት ቤተሰብ ያሳደጉ ናቸው፤ ባቡሩ ሲቆም በመኪናና በእግር ቀጠሉ።

በኋላ አዲስ ባቡር መጣ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ግን ጣቢያው እንደ ድሮው ከተማው እምብርት ላይ አይደለም፣ ወጣ ብሎ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና ድሬዳዋ ላይ ሥራ ጀመረ። ከተማዋ እንደገና በሐዲድና በፋብሪካ ልትቆም እየሞከረች ነው።

«ባለቤቱ ማነው?»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ1999ኙ ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 233,224 የሚሆነው ከተማ ነዋሪ ነው። ከግማሽ ትንሽ ያነሰው ኦሮሞ፣ ሩብ ያህሉ ሶማሌ፣ አምስተኛ ያህሉ አማራ፣ ቀሪው ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌሎችም ነበሩ። ኦሮሚያም ሶማሌም ክልል ከተማዋ የእኔ ናት ስላሉ በየትኛውም ሥር ሳትሆን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ ቻርተሯ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሥልጣኑ ደግሞ ሕዝቡ «40፡40፡20» በሚለው ቀመር ሲከፋፈል ቆየ። አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀረው ሁሉ።

ይህ ቀመር ጦርነት አስቀርቷል የሚል አለ። እዚያው ተወልዶ እዚያው አርጅቶ «ከሃያው ውስጥ ነህ» መባሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ሌላ አለ። ከኦሮሞና ከሶማሌ የተጋቡ ቤተሰቦች ልጅስ በየትኛው ይቆጠር? ድሬ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ጥቂት አይደለም።

ከተማዋን ያለ ነውር ማቅረብ አንፈልግም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሰው የሞተበት ግጭት ደርሶባታል፤ ከዚያም ወዲህ ጠብ ነበረ። በሌላ በኩል በሶማሌና በኦሮሚያ አዋሳኝ በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ መጠለያ ከሰጡት አንዷ ድሬዳዋ ነበረች። ሰው የተጣላባትም፣ ሰው የተጠለለባትም ከተማ እሷው ናት።

ሞያሌም ይህንኑ ጥያቄ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1907 በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተደረገው የድንበር ስምምነት ለሁለት ከፈላት፤ የኢትዮጵያው ሞያሌ ራሱ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል ሌላ ክርክር አለበት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከዚያ የተተኮሰው ጥይት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኬንያ አሻግሯል፤ ከአንባቢዎቻችን መካከል ያንን ቀን በእግሩ የሄደ ይኖራል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ ሀገር መሪዎች እዚሁ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያውን መረቁ። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ጭነቱ ያልፋል። ድሬዳዋን ባቡር እንደፈጠራት ሞያሌን መንገዱ ሊያሳድጋት ይችላል። ግን የድሬ ታሪክ አንድ ነገር ያስጠነቅቃል። መንገድና ፋብሪካ ሰውን ይሰበስባል እንጂ አብሮ መኖርን አይሠራም። ያንን የሚሠራው ጎረቤት ነው፤ የሚያፈርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ባለቤቱ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። አንዱ የቢሮ መልስ ነው፣ አርባ አርባ ሃያ። ሌላው የሰፈር መልስ ነው፣ «የድሬ ልጅ ነኝ» የሚለው። የመጀመሪያው የሥልጣን ማከፋፈያ ነው። ሁለተኛው ግን አባቱ ከየመን ይምጣ ከመንዝ፣ እናቱ ከጅግጅጋ ትምጣ ከጨለንቆ፣ ከደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ የተጫወተ ሁሉ የሚለው ነው።

ልጃችሁ አንድ ቀን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «የእኛ ሀገር ከተማ ምን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ይህን ንገሩት። ባቡር ተራራ መውጣት አቅቶት ሜዳ ላይ ቆመ፣ ከየትም የመጣ ሰው ዙሪያውን ሠፈረ፣ ባቡሩ ሲሞት እንኳ ሰዉ እዚያው ቀረ በሉት። ድሬ ተወልዳችሁ ከሆነ ደግሞ ከዚህ የጎደለውን ጨምሩበት፤ የሰፈራችሁን ስም፣ የጎረቤቶቻችሁን ስም፣ የሙሽበኩን ጣዕም። እኛ የከተማዋን ታሪክ ነው የጻፍነው፣ የቤታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።